ከወገብ በታች የሚያሳክክ፣ የሚነጣና የሚቆስል ቆዳ፦ የትኛው በሽታ በየትኛው ቅባት?

የብልት አካባቢ ቆዳ ለወራት ሲያሳክክ፣ ሲነጣ ወይም ሲቆስል አብዛኛው ሰው የሚጠረጥረው ፈንገስን ወይም አባላዘርን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም አይደሉም። ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፉ፣ በንጽሕና ጉድለትም የማይመጡ፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ ቆዳውን ሲያስቆጣ ወይም ቆዳው በየቀኑ በሚነካው ነገር ሲጎዳ የሚነሱ የቆዳ በሽታዎች አሉ። ለዓመታት ይቆያሉ፤ ጋብ ይላሉ፣ ያገረሻሉ። በደሴም ሆነ በወልድያ፣ በባቲም ሆነ በቆቦ የያዛቸው ሰው ባሕርያቸውን እስኪያውቅ ድረስ አንዱን ቅባት ጥሎ ሌላውን ሲያነሳ ይከርማል።

እነዚህን በሽታዎች ለመለየት ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ይህ ነው፤ በሽታው ጠባሳ እየተወ የአካሉን ቅርጽ ይለውጣል ወይስ አይለውጥም? ቆዳን የሚያነጣው ላይከን ስክሌሮሰስና ቆዳን የሚልጠው ላይከን ፕላነስ ይለውጣሉ። ስለዚህ ጠንካራ የስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) ቅባት ለረጅም ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ቅርፊት የሚያወጣው ሶሪያሲስና ችፌ ቅርጽ አይለውጡም፤ ለእነሱ አብዛኛውን ጊዜ ለዘብ ያለ ቅባት ለአጭር ጊዜ ይበቃል፤ በመታከክ የወፈረ ቆዳ ብቻ ለጥቂት ሳምንት ጠንካራውን ይፈልጋል። በተግባር የሚታየው ግን የዚህ ግልባጭ ነው። ላይከን ስክሌሮሰስ ያለባት እናት «ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል» ስለተባለች ቅባቱን በ5ኛው ቀን ትተዋለች። ብሽሽቱ ላይ ጭርት፣ ማለትም ስቴሮይድ የማይገባው ፈንገስ፣ ያለበት ወጣት ደግሞ ፊት ለማጥራት የሚሸጠውን ያንኑ ጠንካራ ቅባት ለ6 ወር ይቀባል። ሁለቱም ይጎዳሉ።

መጀመሪያ በደንብ ይመልከቱ

ትንሽ የእጅ መስታወት በርጩማ ላይ አስደግፈው፣ ቁጢጥ ብለው፣ በስልክ መብራት ይዩ። የሚታየው ቦታ ብልቱ ብቻ አይደለም። አፍዎን ከፍተው የጉንጭዎን ውስጥና ድድዎን ይዩ፤ ከዚያ የእጅ አንጓን፣ ክርንን፣ ጉልበትን፣ እምብርትን፣ የራስ ቅልን፣ ጥፍርን፣ ብብትን፣ በመቀመጫ መሃል ያለውን ስንጥቅ። ከእነዚህ በሽታዎች ግማሾቹ መታወቂያቸውን የሚያሳዩት ከብልት ውጭ ነው። ሐኪሙ ጋ ሲደርሱም «ሌላ ቦታ አለ?» ሲባሉ የሚመልሱት ይኖርዎታል።

ቀለምን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የሕክምና መጻሕፍት «ቀይ» የሚሉት ቁጣ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም አመድማ ሆኖ ነው የሚታየው። ቁጣው ከበረደ በኋላም ቦታው ጠቁሮ ወይም ፈዝዞ ለወራት ይቆያል። ጥቁረቱ ስላልለቀቀ በሽታው አልዳነም ማለት አይደለም፤ ይህን ያላወቀ ሰው ቅባቱን ያለ ልክ ያስረዝማል።

ላይከን ስክሌሮሰስ

ቆዳው ይነጣል፣ ይሳሳል፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ይጨማደዳል። በሴቶች ነጣ ያለው ቦታ ከላይ ቂንጥሩን፣ ከታች ፊንጢጣውን ሲከብ የ8 ቁጥር ቅርጽ ይይዛል። ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል፤ ቆዳው ስለሳሳ ሲታከክ ይሰነጠቃል፣ ከቆዳው ሥር ደም ቋጥሮ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ጊዜው ሲረዝም ውስጣዊ ከንፈሮቹ ከውጫዊዎቹ ጋር ይጣበቃሉ፣ ቂንጥሩ ይሸፈናል፣ መግቢያው ይጠብባል። ወደ ውስጠኛው የሴት ብልት ቦይ ግን አይገባም፤ ከላይከን ፕላነስ የሚለይበት ትልቁ ምልክት ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚይዘው ካረጡ በኋላ ያሉ ሴቶችንና ገና ያልደረሱ ልጃገረዶችን ነው። በልጅ ላይ ሲመጣ ሕፃኗ ሰገራ ስትቀመጥ ታለቅሳለች፣ ትይዘዋለች፣ ሆዷ ይደርቃል። ቦታው ላይ የሚታየው የደም ነጠብጣብ ደግሞ ጥቃት የደረሰባት ሊያስመስል ይችላል። እዚህ ላይ በሁለቱም ወገን መቸኮል ያስቀጣል። በሽታው ጥቃት አለመኖሩን አያረጋግጥም፣ ነጠብጣቡም ጥቃት መኖሩን አያረጋግጥም። ልጅቷን ሁለቱንም በሚያውቅ ባለሙያ ማስመርመር ነው።

በእኛ አካባቢ የሚያሳስት ሌላ ነገር አለ። በልጅነቷ የተገረዘች ሴት ውስጣዊ ከንፈር ወይም ቂንጥር ላይኖራት ይችላል። መርማሪው የአካሉን መጉደል አይቶ «ላይከን ስክሌሮሰስ በልቶት ነው» ሊል ይችላል፤ ወይም ነጣ ያለውን ሁሉ የግርዛት ጠባሳ ነው ብሎ ያልፈዋል። የሚለየው ጊዜው ነው። የግርዛት ጠባሳ ከልጅነት ጀምሮ ያለ፣ የማይስፋፋ፣ ብዙ ጊዜም የማያሳክክ ነው። በቅርብ ዓመታት የጀመረ ንጣትና ማሳከክ፣ በተለይ ወደ ፊንጢጣ የሚወርድ ከሆነ፣ በሽታ ነው። ስለ ግርዛቱ ሐኪሙ ባይጠይቅም ሴቲቱ ብትናገር ምርመራው ይቀናል።

ነጭ ነገር ሲታይ ለምጽ ነው የሚልም ብዙ ነው። ለምጽ ቀለሙን ብቻ ይወስዳል፤ ቆዳው እንደ ወትሮው ለስላሳና ደንደን ያለ ነው፣ አይጨማደድም፣ አይሰነጠቅም፣ አያሳክክም። የሥጋ ደዌ ነጣ ያለ ምልክት ደግሞ ስሜት የጠፋበት ነው፤ ጥጥ ሲነካው አይታወቅም። ላይከን ስክሌሮሰስ ግን ከሚገባው በላይ ይሰማል።

በወንዶች በሽታው ሸለፈትን ያጠብቃል፣ ያነጣል፣ ወደ ኋላ አልመለስ ያሰኘዋል። በወሎ በእስልምናውም በክርስትናውም ወንድ ልጅ በልጅነቱ ስለሚገረዝ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ጥቂት ነው የሚታየው። የሽንት መውጫው ጠቦ ሽንቱ እየቀጠነ ወይም ለሁለት እየተከፈለ ከመጣ ግን የሽንት ቧንቧ ሐኪም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሕክምናው። የመጀመሪያው ምርጫ ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ ነው፤ ከክሬሙ ይልቅ ኦይንትመንቱ። ኦይንትመንት እንደ ቫዝሊን ቅባታማ ስለሆነ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ አያቃጥልም፣ መከላከያ ኬሚካሉም ያነሰ ነው። ለአዋቂ የተለመደው አካሄድ ለ4 ሳምንት በየሌሊቱ፣ ቀጥሎ ለ4 ሳምንት አንድ ሌሊት እየዘለሉ፣ ከዚያ ለ4 ሳምንት በሳምንት 2 ጊዜ ነው። መጠኑ በአንድ ጊዜ ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን ከቱቦው ተጨምቆ ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚደርስ መስመር ማለት ነው። ሲደመር በ3 ወር 25 ግራም ገደማ ይሆናል። 30 ግራም ቱቦ ለ3 ወር ከበቃ ልክ እየተቀባ ነው፤ በ3 ሳምንት ካለቀ በዝቷል፣ በዓመቱ ካላለቀ ደግሞ እየተቀባ አይደለም። ለልጆች አካሄዱን የሚወስነው ሐኪም ነው።

የሚቀባው ነጣ ያለው ቦታ ላይ ብቻ ነው። የብልት ከንፈር ውስጠኛ ቆዳ ስቴሮይድን ይችላል፤ የጭንና የብሽሽት ቆዳ ግን ቶሎ ይሳሳል፣ እንደ እርግዝና ምልክት ይተለተላል፣ የተተለተለውም አይመለስም። ስለዚህ መስታወት እያዩ ቦታው ላይ አድርሰው ቀስ ብለው ማሸት፣ ጣትን መታጠብ፣ ዓይን አለመንካት። ማሳከኩ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይቀንሳል። አብዛኛው ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱም ይኸው ነው። ማሳከኩ ሲጠፋ በሽታው ገና አልተኛም። ንጣቱ ለመቀነስ ወራት ይፈጃል፣ የተጣበቀው አካል ደግሞ ራሱ አይላቀቅም፤ ቅባቱ የሚያደርገው ከዚህ በላይ እንዳይጣበቅ ማገድ ነው። ከ3 ወሩ በኋላም አብዛኞቹ በሳምንት 1 ወይም 2 ጊዜ መቀጠል ያስፈልጋቸዋል።

የመቀጠሉ ጥቅም ከማሳከክ ያልፋል። ይህ በሽታ ሳይታከም ሲቆይ ከ100 ሴቶች ከ5 ባነሱት ላይ የብልት ካንሰር ያመጣል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት 507 ሴቶችን ተከታትሏል። ቅባታቸውን ሳያቋርጡ ከተጠቀሙት 357 ሴቶች አንዷም ካንሰር ወይም የካንሰር መነሻ የሆነ የቆዳ ለውጥ አልያዛትም፤ እያቋረጡ ከተጠቀሙት 150 ግን 7ቱን ይዟቸዋል። «ስቴሮይድ ይጎዳል» ብሎ ማስቆም ቀላል ነው፤ በዚህ በሽታ ላይ ግን ትልቁን ጉዳት የሚያመጣው ማቆሙ ነው።

ላይከን ፕላነስ

ላይከን ስክሌሮሰስ በዋናነት ያሳክካል፤ ላይከን ፕላነስ በዋናነት ያማል። በብልት ላይ የሚከፋው ዓይነት ቆዳውን የሚልጠው ነው። የመግቢያው ዙሪያ ተልጦ እንደተቃጠለ ያብለጨልጫል፣ ዳር ዳሩን ነጭ የጥልፍ ጫፍ የመሰለ መስመር ይከበዋል። ሽንት ሲነካው ያቃጥላል፣ ግንኙነት የማይቻል ይሆናል። ወደ ውስጠኛው ቦይ ስለሚገባ ቢጫማ ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ያመጣል፤ ለዚህም ነው ለወራት እንደ ማህፀን ኢንፌክሽን የሚታከመው። ሴቲቱ 3 እና 4 ጊዜ ፀረ ተሕዋስ ወስዳ ፈሳሹ ካልቆመ፣ ድዷም ተልጦ ቅመም የበዛበት ወጥ የሚያቃጥላት ከሆነ፣ ላይከን ፕላነስ መታሰብ አለበት። አፍን መመልከት ይገባል ያልነው ለዚህ ነው።

ሌላው ዓይነት ቀለል ያለ ነው። በእጅ አንጓና በቁርጭምጭሚት ላይ ጠፍጣፋ፣ ወይን ጠጅ፣ በጣም የሚያሳክኩ ሽፍታዎች ይወጣሉ፣ በወንድ ብልት ጫፍ ላይ ደግሞ የቀለበት ቅርጽ ይይዛሉ። ብዙውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ዓመት ውስጥ ይጠፋሉ፣ ጥቁር ምልክት ትተው። የሚልጠው ዓይነት ግን በራሱ አይተውም።

ሕክምናው እዚህም በክሎቤታሶል ይጀምራል። ውስጠኛው ቦይ ከተያዘ ግን ከውጭ የሚቀባው አይደርስለትም፣ ወደ ውስጥ የሚገባ የስቴሮይድ ዝግጅት በሐኪም መታዘዝ አለበት። ቦዩ እንዳይጣበቅም በማስፊያ ቀስ በቀስ ማስፋት ያስፈልግ ይሆናል። ቅባቱ ካልበቃ የሚዋጥ መድኃኒት ይመጣል፤ ይህ የስፔሻሊስት ሥራ ነው። ከሄፓታይተስ ሲ ጋር ዝምድና ስላለው የደም ምርመራ ማዘዙ ተገቢ ነው። ካንሰር የማምጣት ዕድል እዚህም ስላለ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ መታየት ግድ ይላል።

ሶሪያሲስ

በክርንና በጉልበት ላይ ሶሪያሲስ በብርማ ቅርፊት ይታወቃል። በብሽሽትና በብልት ግን እርጥበቱና መፋተጉ ቅርፊቱን ያጥበዋል፣ የሚቀረው ለስላሳ፣ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቦታ ነው። ቅርፊት ስለሌለው ፈንገስ ይባላል። መለያው ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ በራስ ቅል ላይ ፎረፎር የሚመስል ግን ወፍራም ልጣጭ፣ በእምብርት ውስጥና በመቀመጫ ስንጥቅ ተመሳሳይ ቦታ፣ በጥፍር ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የተወጋጉ ጉድጓዶች። ጠባሳ አይተውም፣ ካንሰር አያመጣም፣ አካል አያጣብቅም።

ስለዚህ ቅባቱም ለዘብ ያለ ይሁን። ለ2 ሳምንት ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ በቀን 2 ጊዜ፤ ካልበቃ በሐኪም ትዕዛዝ ከእሱ ጠንከር ያለ ስቴሮይድ ለጥቂት ቀናት፣ ከዚያ ወደ ቀላሉ መመለስ። ስቴሮይድ ያልሆነው ታክሮሊመስ ቅባት ከተገኘ ለዚህ ቦታ ጥሩ ነው፤ ቆዳ አያሳሳም፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን ያቃጥላል፣ ይህን ሳያውቅ የሚተወው ብዙ ነው። ለክርን የታዘዘውን የሬንጅ ወይም የሳሊሲሊክ አሲድ ቅባት ወደ ብልት አለማምጣት፤ ያቃጥላል፣ ይልጣል።

በቆላው ወሎ ለሚኖር ሰው ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ሶሪያሲስን ሊቀሰቅስ ይችላል። ይህ ማለት ወባ ይዞት አይታከም ማለት አይደለም፤ ለጤና ባለሙያው «ሶሪያሲስ አለብኝ» ብሎ አስቀድሞ መናገር ነው። በመርፌ ወይም በእንክብል የሚሰጥ ስቴሮይድም ሲቆም በሽታው ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል፤ «መርፌው አዳነኝ» ያለ ሰው በወሩ ገላው በሙሉ ተሸፍኖ የሚመጣው ለዚህ ነው። በድንገት የጀመረና በጣም የተስፋፋ ሶሪያሲስ ሲኖር የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግም ያስፈልጋል።

ችፌና በመታከክ የወፈረ ቆዳ

ይህ ከሁሉ የበዛው ነው፤ መድኃኒቱም ከቱቦው ይልቅ የዕለት ልማድን ማስተካከል ነው። ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ቆዳው ከሚነካው ነገር ጋር ሲጣላ የሚመጣ ችፌ ነው፤ ያቃጥላል፣ ይረጥባል፣ ይላጣል። ሁለተኛው ላይከን ሲምፕሌክስ ይባላል፤ ማንኛውም የማሳከክ ምክንያት ሲቆይ፣ ቆዳው ከመታከክ ብዛት እንደ ቁርበት ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ መስመሮቹ ይጎላሉ። በሴት ውጫዊ ከንፈርን፣ በወንድ የቆለጥ ከረጢትን ይይዛል። ቀኝ እጃቸውን በሚጠቀሙ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ እጁ በሚደርስበት ወገን ይብሳል። ከላይከን ስክሌሮሰስ የሚለየው በውፍረቱ ነው፤ ያኛው ቆዳውን ያሳሳል፣ ይኸኛው ያወፍራል።

የሚያስቆጡትን ነገሮች በየቤቱ እናውቃቸዋለን። የገላና የልብስ ሳሙና፣ የውስጥ ልብስ ላይ የቀረ የዱቄት ሳሙና፣ በረኪና፣ ሽቶ ያለው የወር አበባ መቀበያ፣ ናይለን የውስጥ ሱሪ፣ «ያደርቀዋል» ተብሎ የሚቀባ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የእሬት ወተት፣ እንዶድ። እንዶድ ልብስ ያጸዳል፤ የተላጠ ቆዳ ላይ ግን አረፋው ራሱ መርዝ ነው። ማሳከክ ያለበት ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሳሙና ነው፤ ሳሙናው ቆዳውን ያደርቃል፣ የደረቀው ይብስ ያሳክካል፣ ያሳከከው እንደገና ይታጠባል።

የወይባ ጢስ ለወሎ ሴት ወግም ነው፣ ደስታም ነው። በሽታውን አላመጣውም። የተሰነጠቀና የተላጠ ቆዳ ግን ሙቀቱንም ጢሱንም አይችልም፤ ቁጣው እስኪበርድ ድረስ መተው ያዋጣል። ከሽንት በኋላ በውኃ መታጠብ ምንም ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ ያለው በየጊዜው ሳሙና መጨመሩና ሳይደርቁ መልበሱ ላይ ነው። ለንጽሕና ብቻ የተመደበ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይኑርና ሳይፈትጉ መታ መታ አድርገው ያድርቁ። ጠበል የሚጠመቁም ውኃው አይጎዳቸውም፤ ቅባቱን ግን አያቋርጡ፣ ደርቀው ይቀቡ። ጸጉር ለማንሳት ምላጭ ቆዳውን ይቧጭራል፤ ሶሪያሲስና ሁለቱም ላይከኖች ደግሞ በተቧጨረ ቦታ ላይ አዲስ የመውጣት ጠባይ አላቸው። በመቀስ ማሳጠር ይሻላል። ረጅም መንገድ በበቅሎ የሚሄድም ከመነሳቱ በፊት ብሽሽቱን ቫዝሊን ቢቀባ መፋተጉ ይቀንስለታል።

ለወፈረው ቆዳ ሕክምናው በአንድ ጊዜ ከ3 ወገን ይጀምራል። ጠንካራ የስቴሮይድ ኦይንትመንት ለ2 እስከ 4 ሳምንት በየሌሊቱ፣ ከዚያ እየቀነሱ፤ ሌሊት እንዳይታከክ የሚያስተኛ ፀረ አለርጂ፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሲዚን 25 ሚሊ ግራም ከመኝታ በፊት፣ እርጉዝ ካልሆኑና ሐኪሙ ከፈቀደ፤ ጥፍር አሳጥሮ መቁረጥ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እንቅልፍ ላይ ያለ እጅ በአንድ ሌሊት የሳምንቱን ልፋት ያፈርሳል። ሲያሳክክ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ለ5 ደቂቃ መያዝ ይረዳል። ከሥሩ የማሳከኩን ምክንያት መፈለግም ይገባል፤ የስኳር በሽታ፣ የደም ማነስ፣ ያልታከመ ፈንገስ።

የብሽሽት ብጉንጅ የሚመላለስበት ሰው

ሃይድራዴናይተስ ሱፑራቲቫ ከሌሎቹ ይለያል፤ ዋናው ምልክቱ ማሳከክ ሳይሆን ብጉንጅ ነው። በብሽሽት፣ በብብት፣ በጡት ሥርና በመቀመጫ ላይ በ6 ወር ውስጥ 2 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስ፣ የሚፈርጥ፣ ከቆዳ ሥር ቦይ እየሠራ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው የሚያፈስ እብጠት ሲኖር ይህ ይጠረጠራል። ተራ ብጉንጅ በአንድ ቦታ ይወጣል፣ ይፈርጣል፣ ያበቃል። ይህኛው በየጊዜው ቢበጣ ቦታው ይመለሳል፤ መብጣት ለጊዜው ሕመም ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ትምባሆና ከመጠን ያለፈ ክብደት ያባብሱታል። ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም እስከ 12 ሳምንት ይሰጣል፣ ለእርጉዝ አይሆንም። ክሊንዳማይሲን ከሪፋምፒሲን ጋር የሚታዘዝበት ጊዜም አለ። ሪፋምፒሲን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስለሆነ ነቀርሳ አለመኖሩ ሳይረጋገጥ አይጀመርም፣ የወሊድ መከላከያ እንክብልንና አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችን አቅም ያዳክማል። ጠባሳ ይተዋል፤ ግን ክሎቤታሶል መልሱ አይደለም።

ባልተገረዙ ሽማግሌዎች የብልት ጫፍ ላይ የሚታይ አንጸባራቂ ቦታ፣ ዙን የሚባለው፣ ሲገረዙ ብዙውን ጊዜ ይድናል። ካንሰር የሚመስል ስለሆነ ናሙና ሳይወሰድ አይታለፍም።

ከእነዚህ ጋር የሚምታቱ ኢንፌክሽኖች

ጭርት ከብሽሽት ተነስቶ ወደ ጭን ይሰፋል፤ ዳሩ ከፍ ብሎ ቅርፊት አለው፣ መሃሉ ይጸዳል፣ የቆለጥ ከረጢትን አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። ስቴሮይድ ሲቀባ ማሳከኩ ይጠፋል፣ ፈንገሱ ግን ይስፋፋል፣ ቀለበቱም ስለሚጠፋ ሐኪሙም አይለየውም። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ እርጥብ ነው፣ ከዋናው ቦታ ወጣ ብለው ትንንሽ ሽፍታዎች ይበተናሉ፤ ሲመላለስ ስኳር መለካት ነው። እከክ ቤተሰቡን በሙሉ ሌሊት ያሳክካል፣ በጣቶች መካከልና በወንድ ብልት ላይ ጉብ ጉብ ያሉ ሽፍታዎች ያወጣል። ውኃ የቋጠረ፣ የሚያምና በአንድ ቦታ የሚመላለስ ቁስል የብልት ሄርፒስ ሊሆን ይችላል፤ ሳያምም የቆመ አንድ ቁስል ደግሞ ቂጥኝ። እነዚህ ሁለቱ የላቦራቶሪ ምርመራና የትዳር አጋርን አብሮ ማየት ይፈልጋሉ፤ ቀደም ብለው የተዘረዘሩት የቆዳ በሽታዎች ግን አጋርን አይይዙም። ይህ ልዩነት ቤት ውስጥ ግልጽ ሆኖ መነገር አለበት፤ ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን ያለ ጥፋት የሚጠረጥሩበት ቦታ ነውና።

ስቴሮይድ፣ ፀረ ፈንገስና ፀረ ባክቴሪያ ሦስቱን ያዋሐዱ ቅባቶች መድኃኒት ቤት ውስጥ ቶሎ የሚሰጡት «አንዱ ይይዝለታል» ተብሎ ነው። ለጭርት ስቴሮይዱ ይጎዳል፤ ለላይከን ስክሌሮሰስ ስቴሮይዱ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ለችፌ ደግሞ የተጨመረው ፀረ ባክቴሪያ ራሱ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ለሦስቱም የማይሆን ቅባት ነው።

የቅባት አያያዝ

ማታ በለብ ያለ ውኃ፣ ያለ ሳሙና ታጥበው፣ ደርቀው፣ የታዘዘውን ቅባት ይቀቡ። ቫዝሊን ከፈለጉ 20 ወይም 30 ደቂቃ ቆይተው ከላይ ያድርጉ፤ በአንድ ላይ ከተቀባ መድኃኒቱ ይቀጥናል። ቀን ቀን ደግሞ ሽንት ከመሽናት በፊት ቫዝሊን መቀባት ሽንቱ የተላጠውን ቦታ እንዳያቃጥል ይከልላል። ቅቤ ቫዝሊንን አይተካም፤ ይበላሻል፣ ይሸታል። ኮንዶም የሚጠቀሙ ጥንዶች ቫዝሊንና ማንኛውም ቅባታማ ኦይንትመንት የላቴክስ ኮንዶምን እንደሚያበጣጥስ ይወቁ። እንደ ባቲ ባለ ሞቃት አገር ቱቦውን ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ሳይሆን በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ያኑሩት። ቅባቱ ውኃና ዘይት ሆኖ ከተለያየ መጣል ነው።

ወዴት ይኬዳል፣ ምን ይባላል

ብዙ ሴቶች ጤና ጣቢያ ገብተው «ሽንቴን ያቃጥለኛል» ወይም «ሆዴን ያመኛል» ብለው ይወጣሉ፤ የሽንት ምርመራ ይታዘዛል፣ እንክብል ይሰጣል፣ ቆዳው ሳይታይ ይቀራል። «ከታች ያለው ቆዳዬ ያሳክከኛል፣ ነጥቷል፣ እዩልኝ» ማለት ይበቃል። ሴት ባለሙያ መጠየቅም መብት ነው። በጤና መድን የሚታከም ሰው ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ይዞ ቢሄድ ወጪው ይሸፈንለታል። ከደሴ በስተሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው። ስሙን ከሥጋ ደዌ ጋር አያይዞ ለመታየት የሚሸማቀቅ ሰው እስከዛሬ አለ፤ ለማንኛውም የቆዳ ሕመም የሚኬድበት ቤት ነው። ውስጠኛው ቦይ የተያዘባት ሴት የማህፀን ሐኪምም አብሮ ያያታል።

ሲሄዱ እስካሁን የተቀቧቸውን ቱቦዎች ባዶም ቢሆኑ ይዘው ይሂዱ፣ የገበያውንም ቅባት ጭምር። መቼ እንደጀመረ፣ ሌሊት መባሱን፣ በአፍ ውስጥ ቁስል መኖሩን፣ የሚወስዱትን የሚዋጥ መድኃኒት ይናገሩ። ሐኪሙ ከተጠራጠረ ናሙና ይወስዳል፤ ቦታው በመርፌ ደንዝዞ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ቆዳ ይቆረጣል፣ በፎርማሊን ወደ ፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ ክፍል) ይላካል። ናሙና መወሰዱ ካንሰር አያመጣም፣ ካለም አይበትነውም። ቀድሞ የተቀባ ጠንካራ ስቴሮይድ ውጤቱን ሊያደበዝዝ ስለሚችል ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንታት እንዲያቆሙ ሊጠይቅ ይችላል።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሚኬድባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያልዳነ ቁስል፣ ሲነካ ጠጣር የሆነ ጉብታ ወይም እንደ ኪንታሮት የሻከረ ቦታ፣ ሳይታከክ የሚደማ ቆዳ፣ ሽንት መቋጠር፣ ክሎቤታሶል በትክክል ለ3 ወር ተቀብቶ ምንም አለመለወጥ። ላይከን ስክሌሮሰስና የሚልጠው ላይከን ፕላነስ ያለባቸው ደግሞ ምንም ባይሰማቸውም በመጀመሪያው ቅባት 3ኛ ወር፣ ከዚያ በ6ኛው ወር፣ ቀጥሎም በየዓመቱ ይታያሉ፤ በመካከሉ በየወሩ አንድ ቀን መርጠው፣ በዚያው በርጩማ ላይ በተደገፈው መስታወት ራሳቸውን ያያሉ።